ፉርጎ ላይ የቀረው ዝሆን

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና ማይኩ ብቻ ነን።

ሰሞኑን እናቴ ቤት ቁም ሳጥን ስናጸዳ የሰባተኛ ክፍል ደብተሬን አገኘሁት። ሽፋኑ ላይ «ሒሳብ» ይላል፤ ውስጡ ግን ታንክ ነው። «ዝሆን» ብዬዋለሁ። አራት መድፍ፣ ሃያ ታንከኛ፣ 200 ቶን። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መሃል የሆነ መንግሥት በድብቅ የሠራው ነው ብዬ ታሪክ ሁሉ ፈጥሬለታለሁ። አባዬ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ሥዕሉን ዞር ዞር አድርጎ አየና «ጎበዝ፣ ይሄን የቱ ድልድይ ይሸከመዋል?» አለኝ። አኮረፍኩ። እኔ እኮ ስለ መድፉ እንዲጠይቀኝ ነበር የፈለግኩት።

ለካ የዝሆን ታላቅ ወንድም በእውን ነበር። ፈረንሳዮች ናቸው የሠሩት፤ ሻር 2ሴ ይባላል። የታሰበው በመጀመሪያው ጦርነት የጀርመንን ምሽግ እንዲሰብር ነው። ተሠርቶ ሲያልቅ ግን 1921 ሆነ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፤ ጦርነቱ ካለቀ ሦስት ዓመቱ። አሥር ብቻ ተሠሩ። 69 ቶን፣ ርዝመቱ ከአሥር ሜትር በላይ፣ ውስጡ 12 ሰው። ሁለቱ ሞተሮች ሰንሰለቱን በቀጥታ አያዞሩም፤ ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፣ ከዚያ ኤሌክትሪኩ ይነዳዋል። ያ ሁሉ ድካም ለምን? በሰዓት ቢበዛ 15 ኪሎ ሜትር። እያንዳንዱ የክፍለ ሀገር ስም ወጥቶለታል፤ ሻምፓኝ፣ ብሬታኝ፣ ፕሮቫንስ እያሉ።

በዚያው ዘመን እኛ አገር የመጣው የጣሊያን ታንክ ግን ሦስት ቶን ገደማ ነበር፤ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ። መትረየሱ እንደ ልብ አይዞርም። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 1935 ደምበጉና ላይ አርበኞቻችን በጀርባው ዞረው የያዙት ለዚህ ነው። ትንሹም የራሱ ጣጣ አለው።

ወደ ግዙፉ ልመለስ። ራቅ ወዳለ ቦታ በራሱ አይሄድም፤ በባቡር ነው የሚጓጓዘው። ጁን 1940 ጀርመኖች ሲገሰግሱ፣ ፈረንሳዮች ታንኮቹን ጭነው ወደ ደቡብ ለማሸሽ ሞከሩ። መዝ ወንዝ ምንጭ አካባቢ ሐዲዱ ተዘጋ፤ ከፊት የሚነድ የነዳጅ ባቡር አለ። እንዲህ ያለውን ጭነት እዚያ ማውረድ ደግሞ አይታሰብም። ታንከኞቹ በገዛ እጃቸው ፈንጂ አጠመዱባቸው። ከጠላት ታንክ ጋር አንድም ቀን ሳይገጥሙ! ጀርመኖች በአውሮፕላን ደበደብናቸው ብለው ፎከሩ፤ ከፍንዳታው የተረፈውን ሻምፓኝን ለማሳያ ወደ አገራቸው ወሰዱት።

እኔን የሚያሳዝነኝ የታንከኞቹ ነገር ነው። ስንት ዓመት ዘይት ሲቀይሩለት፣ ሲወለውሉት ኖረው...

ደብተሩን ይዤ መጣሁ። ማታ ዝሆን ሥር ፉርጎ ልሥልለት ሞከርኩ። ከወረቀቱ ወጣ።