ትልቅ ውሻ በጥድፊያ አያድግም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ! ከዚሁ ከባሕር ዳር የመጣችሁ አላችሁ። ከመራዊ፣ ከዳንግላ፣ ከደብረ ማርቆስ ድረስ የመጣችሁም አላችሁ። ሥራ ፈታችሁ ስለ ውሻ ለመስማት መምጣታችሁ ደስ ብሎኛል። ድሮ ቢሆን «ለውሻ ደግሞ ስብሰባ!» ተብሎ ይሳቅብን ነበር። አሁንም የሚስቅ አይጠፋም። ይሳቅ።

ዛሬ የማወራው ስለ ግዙፎቹ ነው። ግሬት ዴን፣ ካንጋል፣ ካውካዢያን፣ ማስቲፍ፣ ሴንት በርናርድ። አድገው 50 ኪሎ የሚያልፉት፤ አንዳንዶቹም 70 እና 80 የሚደርሱት። ለመጋዘን፣ ለግቢ፣ ለዶሮ እርባታ ጥበቃ እያልን በብዙ ብር እንገዛቸዋለን። ከዚያ ግማሻችን የቤት ትርፍራፊ እየደፋን እናሳድጋቸዋለን። ግማሻችን ደግሞ ቶሎ ይገዝፉ ብለን ያገኘነውን ሁሉ እናጎርሳለን። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከትርፍራፊው ይልቅ ማጎረሱ ብዙ ውሻ አበላሽቷል።

ስለዚህ ዋናውን ነገር ከፊት ላስቀምጠው። የግዙፍ ዝርያ ቡችላ ቀስ ብሎ ነው ማደግ ያለበት። ቁመቱ ከእናትና ከአባቱ የወረሰው ነው። ብዙ ስላበላችሁት ከዚያ አያልፍም። ቶሎ ይደርስበታል እንጂ። መዘዙም ቶሎ መድረሱ ላይ ነው።

ግሬት ዴን ሲወለድ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ዓመት ሲሞላው 50 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። መቶ እጥፍ ማለት ነው። አጥንቱ ግን እንዲህ አይሮጥም። ጫፍ ጫፉ ላይ ያለው ለስላሳ የእድገት ክፍል እስኪዘጋ ዓመት ተኩል፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ይፈጃል። በዚህ መሀል ክብደቱ ከቀደመ፣ ጭነቱ ገና ባልጠና አጥንት ላይ ያርፋል። የዳሌው መገጣጠሚያ ይላላል። የትከሻውና የክርኑ ልም አጥንት ይሰነጠቃል። ቡችላው ማነከስ ይጀምራል።

አንድ አባት የአምስት ወር ቡችላ ይዘው መጥተው ነበር። የፊት እግሮቹ ወደ ውጭ ተጣመዋል። አንጓው አብጧል። ከተኛበት ሲነሳ ያቃስታል። «ዶክተር፣ ያልሰጠሁት ነገር የለም» አሉኝ። ቆጠሩልኝ፦ ከውጭ የመጣ ደረቅ ምግብ፣ በላዩ የዱቄት ወተት፣ በላዩ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፣ በዚህ ሁሉ ላይ ከፋርማሲ የተገዛ የካልሲየም ሽሮፕ። «አያ፣ ያጣመመው እኮ ይኸው ነው» አልኳቸው። አላመኑኝም። አልፈርድባቸውም፤ ካልሲየም ለአጥንት ጥሩ ነው ሲባል ነው ሁላችንም የምንሰማው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያደገ ውሻ ትርፍ ካልሲየም ሲመጣበት አንጀቱ ይመልሰዋል። ቡችላ ግን እስከ ስድስት ወር ገደማ ይህ አቅም በደንብ የለውም። የመጣለትን ያስገባል። የገባው ደግሞ የአጥንቱን አሠራር ያዛባል። በኔዘርላንድስ ኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ በግሬት ዴን ቡችሎች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ይህንን በግልጽ አሳይተዋል። ስለዚህ ለቡችላ ተብሎ የተዘጋጀ የከረጢት ምግብ የምትሰጡ ከሆነ፣ በላዩ ካልሲየም አትጨምሩ። ሽሮፑንም፣ ዱቄቱንም፣ ቅርፊቱንም ተዉት።

የከረጢቱን ጀርባ ማንበብም ልመዱ። «ላርጅ ብሪድ ፓፒ»፣ ማለትም የትልቅ ዝርያ ቡችላ የሚለውን ፈልጉ። ካልሲየሙ 1.2 በመቶ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ለእነዚህ ዝርያዎች ቡችሎች አሜሪካኖቹ ያወጡት የመጨረሻ ጣሪያ 1.8 በመቶ ነው። ከዚያ ካለፈ ሻጩ ምንም ቢምል አትግዙ።

ደግሞ ወዲያ ማዶ ያሉ አሉ። ከልኳንዳ ቤት ቁርጥራጭ ሥጋ ብቻ እያመጡ የሚያሳድጉ። ሥጋ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ኢምንት ነው። ሥጋ ብቻ የሚበላ ቡችላ ሰውነቱ ካልሲየሙን ከራሱ አጥንት ላይ እየነቀለ ይጠቀማል። አጥንቱ ይሳሳል፤ ከደረጃ ላይ ዘሎ ሲወርድ ይሰበራል። አያችሁ፣ ሲበዛም ሲያንስም እግር ነው የሚበላው። ከረጢቱን መግዛት የማይችል ሰው በቤት ምግብ ማሳደግ ይችላል። እንቁላል ቅቅል፣ አጥንቱ ተለቅሞ የበሰለ የጣና ዓሣ፣ ሥጋ፣ ሩዝ ወይም እንጀራ ይሆናል። ግን የካልሲየሙን መጠን ሐኪም በቡችላው ክብደት ያስላለት። በማንኪያ ግምት አይሆንም።

«ፕሮቲን ሲበዛ አጥንት ያጣምማል» የሚለው ወሬ ግን መሠረት የለውም። በዚያው በግሬት ዴን ቡችሎች ላይ ተሞክሮ ጥፋተኛ ሆኖ አልተገኘም። ጥፋተኞቹ የምግቡ ብዛትና የካልሲየሙ ብዛት ናቸው።

ታዲያ በቃው የሚባለው ስንት ሲበላ ነው? የከረጢቱ ሠንጠረዥ መነሻ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። እጃችሁን ተጠቀሙ። ጣታችሁን ዘርጉና የእጃችሁን ጀርባ ዳብሱት። አጥንቱ ከቆዳው ሥር ይሰማችኋል አይደል? የውሻችሁም ጎድን እንዲያ መሰማት አለበት። ጎድኑን ፈልጋችሁ ካጣችሁት ወፍሯል። ከሩቅ ቆጥራችሁ ከጨረሳችሁት ከስቷል። ከላይ ስታዩት ወገቡ ገባ ማለት አለበት።

እዚህ ላይ ከጎረቤት ጋር ትጣላላችሁ፤ አውቃለሁ። «ይህን የመሰለ ውሻ አስርበህ!» ይሏችኋል። እኛ ዘንድ ጠግቦ ያደረ ከብት ክብር ነው፤ ከሲታ ውሻም ቤቱን ያሰድባል። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ ጥናት አለ። 48 የላብራዶር ቡችሎች ከየእናታቸው በጥንድ ተወሰዱ። ከጥንዱ አንዱ ሌላው ከሚበላው 25 በመቶ አንሶ ተሰጠው፤ ዕድሜ ልኩን። ቀንሰው የበሉት በአማካይ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ የበለጠ ኖሩ። የመገጣጠሚያ ሕመማቸውም ዘግይቶ መጣ። ላብራዶር ግዙፍ አይባልም። የኛዎቹ ግዙፎች ደግሞ ብዙዎቹ የሚኖሩት ከሰባት እስከ አሥር ዓመት ነው። ከዚህ ላይ ሁለት ዓመት ስንት እንደሆነ እናንተው አስሉት።

አሁን ወደ ቤታችን ማድ ልምጣ። ውሻ አይጾምም፤ ግን ቤቱ ሲጾም አብሮ ይጾማል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሽሮና እንጀራ ነው የሚደርሰው። ያደገ ውሻ እየተጎሳቆለም ቢሆን ይወጣዋል። የአራት ወር ካንጋል ግን አይወጣውም፤ ዋናው የማደጊያ ጊዜው ነው። ስለዚህ ለውሻው ለብቻው እንቁላል ይቀቀልለት። እሱ ንስሐ አባት የለውም።

ከዚያ ፋሲካ ይመጣል። በአንድ ቀን ቅልጥሙ፣ ጮማው፣ የዶሮው አጥንት ይወረወርለታል። ባዶውን የከረመ ሆድ ላይ ጮማ ሲወርድበት ቆሽቱ ይቆጣል፤ ያስመልሰዋል፤ ጀርባውን አጉብጦ ይቆማል። የበሰለ አጥንት ደግሞ ሲሰበር ይሾላል። አንጀት ይወጋል፣ ይዘጋል። «ውሻ አጥንት ካልበላ ምን ይበላል?» የሚለኝ ብዙ ነው። የበሰለውን አይብላ፤ በተለይ የዶሮውን።

ወጡም ራሱ ችግር አለበት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ቢበስልም ያው ነው። ከክብደቱ 0.5 በመቶ የሚሆን ሽንኩርት በአንዴ ከበላ ሊታመም ይችላል። ለ60 ኪሎ ውሻ 300 ግራም ማለት ነው። ብዙ ይመስላል? የዶሮ ወጥ ድስት ውስጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚገባ እዚህ ያሉት እናቶች ይንገሯችሁ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቢሆንም ይጠራቀማል። ድዱ ከገረጣ፣ ሽንቱ ከጠቆረ ቶሎ አምጡት። የሻገተ በቆሎም ለውሻ አይሰጥም። «ለሰው ካልሆነ ለውሻ ይሁን» ይባላል፤ በሻጋታው ውስጥ ያለው አፍላቶክሲን ግን የውሻን ጉበት ይገድላል።

አሁን በጣም የምፈራውን ልንገራችሁ። ደረተ ጥልቅ ግዙፍ ውሻ ጨጓራው በአየር ይነፋና ይጠመዘዛል። መግቢያውም መውጫውም ይዘጋል። ምልክቱን ያዙልኝ። ውሻው ዕረፍት ያጣል። ይተኛል፣ ይነሳል፣ ሆዱን ዞሮ ያያል። ሊያስመልስ ይታገላል፤ አረፋና ለሃጭ እንጂ ምንም አይወጣም። ከጎድኑ ኋላ ሆዱ ይወጠራል። ይህን ካያችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። መፍትሔው ቀዶ ጥገና ነው።

የገበሬ ልጅ ሁሉ በሬ ማገጥ በልቶ ሲነፋ ዘይት እንደሚጋት ያውቃል። ለውሻው ግን እንዳትሞክሩት። የበሬው መንገዱ ክፍት ነው። የውሻው ተጠምዝዞ ተቆልፏል። የምትግቱት ዘይትም፣ አረቄም ወደ ሳንባው ነው የሚሄደው።

በየወረዳው የውሻ ሆድ ከፍቶ የሚያስተካክል ሐኪም አይገኝም። ስለዚህ መከላከሉ ላይ እንበርታ። ማታ አንዴ ብቻ አንድ ሰፌድ ሙሉ መስጠት ይቅር። ያደገው በቀን ሁለቴ ይብላ። ቡችላው እስከ አራት ወር በቀን ሦስት አራቴ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ወር ሦስቴ። የሚሻማ ውሻ ካለ ለየብቻ ይብሉ፤ ጥድፊያ አየር ያስውጣል። በልቶ ወዲያው አይሩጥ። የምግብ ሳህኑን ከፍ ያለ ነገር ላይ ማስቀመጥ ይጠቅማል የሚባለውንም አልደግፈውም። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት ከፍ ካለ ሳህን የሚበሉት ላይ ይህ በሽታ በዝቶ አግኝቷል። መሬት ላይ ይብላ።

ስለ ውሻ የኮሶ ትል አንድ ነገር። በግ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ጉበት ወይም ሳንባ ይገኛል። ምን እናደርገዋለን? ለውሻው! ውሻው ውስጥ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ በኩሱ ይወጣል፤ ጠጉሩን በሚዳብሰው ልጅ እጅ ወደ አፍ ይገባል። ከዓመታት በኋላ ያ የውሃ ቋት በልጁ ጉበት ውስጥ ይገኛል። ቅበሩት፣ አቃጥሉት፣ ወይም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀቅሉት። ውሻውም ፕራዚኳንቴል ያለበት መድኃኒት በየሦስት ወሩ ይውሰድ። ለከብት የተገዛውን ኪኒን አካፍሎ መስጠት አይተካውም።

የከብት መድኃኒት ካነሳን አይቀር፣ አይቨርሜክቲን በዓይን ግምት መውጋት ይብቃ። መዥገር ለማጥፋት ብሎ ውሻን በዲያዚኖን ማጠብም ይብቃ። ለሚያነክስ ውሻ የሰው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትስጡ፤ ጨጓራውን ያደማል፣ ኩላሊቱን ይጎዳል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ። ይህ ክርክር የለውም። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። ጠበሉም ይጠጣ፤ ክትባቱ ግን አይቅር። ቡችላ የሚገድሉት የፓርቮና የዲስቴምፐር በሽታዎች ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜው ተጀምሮ በየሦስት አራት ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ይደጋገማል። አንዴ አስወግቶ «ተከትቧል» የሚል ሻጭ አትመኑ።

መኝታውን አትርሱ። ከባድ ውሻ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ሲተኛ ክርኑ ይላጣል፣ ውሃ ይቋጥራል። የጤፍ ጭድ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልታችሁ ስጡት። ዓመት ተኩል ሳይሞላው ከፒካፕ ላይ አታስዘልሉት፤ ሞተር ሳይክል ተከትሎ እንዲሮጥም አታድርጉ። ማኮላሸት የምትፈልጉም እድገቱን እስኪጨርስ ታገሡ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በኪሎ ነው፤ ምግቡም መድኃኒቱም። ስለዚህ ከበሩ አጠገብ ከወፍጮ ቤት የተዋስነው የኩንታል ሚዛን አለ። ቡችላ ያላችሁ አቅፋችሁት ውጡበት፤ ከዚያ የራሳችሁን ክብደት ቀንሱ። ትልልቆቹ አንድ በአንድ፣ አፋቸው ታስሮ። የተገኘውን ክትባት ካርዱ ላይ እንጽፍላችኋለን። በወር አንዴ ደግሞ እናንተው በሰፈራችሁ ወፍጮ ቤት ትመዝናላችሁ።

ከዚያ በፊት ጥያቄ እንቀበል። ከኋላ እጃቸውን ያነሱት እናት ይጀምሩ።