«ብስክሌት ነድቼ አላውቅም፤ ልዋሽ?» የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች በሙሉ ስለ አይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ መመዘኛ) የንግግር ፈተና ናቸው። ሁሉም ደግሞ ብስክሌት ላይ ደርሰው ይቆማሉ።

«ብስክሌት መንዳት አልችልም። ፈታኟ ብትጠይቀኝ ልዋሽ እንዴ?»

ወንድሜ፣ ማንም አያጣራብህም። ችግሩ ውሸት ዝርዝር ይፈልጋል፤ ዝርዝሩን ስታስብ ትንተባተባለህ። «ኖ» በቂ መልስ ነው፤ እዚያው ላይ አትቁም እንጂ። ለምሳሌ፦ «አልችልም። ታላቅ ወንድሜ ብስክሌት ነበረው፤ ግን ማንንም አያስነካም ነበር። አሁን ልማር ብል ደግሞ መውደቁን እፈራለሁ።» በዚህች አጭር መልስ ውስጥ ያለፈ ጊዜ አለ፣ የድሮ ልማድ አለ፣ የአሁን ስሜት አለ። ከዚህ በላይ አታስረዝም። የመጀመሪያው ክፍል ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ጥያቄው ደግሞ ብዙ ነው።

«የተለማመድኩትን ቀድቼ ልኬላችኋለሁ። ምን ላስተካክል?»

ሰማነው እህቴ። ድምፅሽ ጥርት ያለ ነው፤ አማርኛው ግን ከኋላ ይጎትትሻል። «አይ ድራይቭ ማይ ባይሲክል» ብለሻል። እኛ መኪናም ብስክሌትም አህያም እንነዳለን፤ አንድ ቃል ይበቃናል። በእንግሊዝኛ ግን ብስክሌት «ራይድ» ነው፣ ፈረስ የሚጋለብበት ቃል። እግርሽን ግራና ቀኝ አድርገሽ የምትቀመጪበት ከሆነ «ራይድ» በይ። (አውቶቡስ ተሳፍረው «ራይድ» የሚሉም አሉ፤ እሱን ለጊዜው ተዪው።)

«አይ ለርንድ ባይሲክል» ስትይም መሃል ላይ ቃል ጎድሏል። የተማርሽው መንዳቱን ስለሆነ «አይ ለርንድ ቱ ራይድ አ ባይሲክል» ነው። «በብስክሌቴ» ለማለት «ባይ ማይ ባይሲክል» ማለትም አይሄድም። «ማይ» ከገባ «ኦን ማይ ባይሲክል»፣ ካልገባ «ባይ ባይሲክል»።

አነጋገሩ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን አንቺም ተሳስተሻል። ሞተርሳይክል ውስጥ ያለው «ሳይ» እዚህ የለም። ባይሳይክል ሳይሆን ባይሲክል ነው፤ ጉልበቱ ያለው «ባይ» ላይ ነው።

«አንድ ቆንጆ መልስ በቃሌ ብይዝስ?»

አይሆንም። ፈታኞች የተሸመደደ ነገር ቶሎ ይለያሉ፤ ሽምደዳ ሲጀመር የድምፁ ዜማ ይቀየራል። ደግሞስ በሁለተኛው ክፍል የምትናገርበት ርዕስ ተጽፎ የሚሰጥህ ካርድ «ብስክሌት» ብሎ ላይመጣ ይችላል። «የተሰጠህ ስጦታ» ወይም «በልጅነትህ የተማርከው ነገር» ሊል ይችላል። ስለዚህ ጽሑፍ ሳይሆን ታሪክ ያዝ። ማን ገዛው? የት ወደቅክ? ማን ሳቀብህ? ለመዘጋጃ የሚሰጥህ 1 ደቂቃ ነው፤ አራት አምስት ቃል ጫር አድርግና ከዚያ እስከ 2 ደቂቃ ተናገር።

ሦስተኛው ክፍል ላይ ግን ወንድምህን ተወው። ጥያቄው ስለ ሰው ሁሉ ይሆናል፤ ከተሞች ለምን የብስክሌት መንገድ አይሠሩም፣ ልጆች ለምን ድሮ እንደነበረው አይነዱም ወዘተ።

«ፈታኙ ሐሳቤን ካልወደደውስ?»

አይወደድ! ነጥብ የሚሰጠው ለአራት ነገር ነው፦ ለንግግርህ ፍሰትና መያያዝ፣ ለቃላት፣ ለሰዋስው፣ ለአነጋገር። አራቱም እኩል ናቸው። «ብስክሌት አልወድም፣ ያደክማል» ብትልም ምክንያቱን በደንብ ካስረዳህ ማንም አይቀየምህም።

«ጥያቄውን ካልሰማሁትስ?»

እንዲደግሙልህ ጠይቅ። ያልሰሙትን ከመመለስ ይሻላል።