ኖር ሳይባል የተመለሰው ልጅ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ወላጆች፣ ስምንት ቅዳሜ ሙሉ ሳትሰለቹ የተማራችሁ ጀማሪዎች፣ እናንተም የቅዳሜ ጓደኞቼ፤ እንደምን ዋላችሁ?

ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ «አማተር ሬድዮን እንዴት እንጀምር፣ ከሰውስ እንዴት እንግባባ» የሚል ነው። ተዘጋጅቼ መጥቻለሁ። ስለ ሞገድም፣ ስለ ሽቦም፣ ስለ ፈቃድም ጽፌያለሁ። ግን ከዚያ በፊት ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ። እሱን ሳልተነፍስ ወደ ሽቦው ብሄድ ህሊናዬ አይቀበለውም። ነገሩ ስለ አንድ የባጃጅ ሾፌር ነው።

እሱ ጋ ከመድረሴ በፊት ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለን ጸጉራችን የሸበተ ሰዎች ያደግነው ሬድዮ ሥር ነው። አጭር ሞገድን ያወቅነው ፊዚክስ ክፍል ሳንገባ ነው። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ስርጭት በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር እኛ ገና አልተወለድንም ወይ ታቅፈን ነበር። ስንደርስ ግን ማታ ማታ አባቶቻችን ጆሯቸውን ሬድዮው ላይ ለጥፈው፣ በእጃቸው «ዝም በሉ!» ሲሉን እናስታውሳለን። ድምፁ ይርቃል፣ ይቀርባል፣ እንደገና ይርቃል። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር። ከጣሪያው እስከ ባሕር ዛፉ ሽቦ የወጠረውስ ማን ነው? እኛው ነን። አንቴና እየሠራችሁ ነው ብሎ የነገረን የለም። ሽቦው ሲረዝም ድምፁ ሲጠራ አየን፤ በቃ።

ስለዚህ አማተር ሬድዮ ለኛ ባዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ፣ ከሰማህ በኋላ መመለስም መቻልህ ነው። ተራ ሰው ፈቃድ አውጥቶ፣ ከቤቱ ሆኖ፣ ገንዘብ ሳይጠይቅበት፣ ከማያውቀው አገር ሰው ጋር ያወራል። በመሃል የስልክ መስመር የለም። ኢንተርኔት የለም። አንድ ሽቦ እዚህ፣ አንድ ሽቦ እዚያ፣ ከላይ ደግሞ ሞገዱን እንደ መስታወት የሚመልስ የሰማይ ንጣፍ። ይኸው ነው።

አሁን ወደ ልጁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የምንሰበሰበው አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሰባት ስምንት ሰዎች ጠረጴዛ ከበን ስለ አንቴና እንከራከራለን። በሩ ተንኳኳና አንድ ልጅ ገባ። ርሷል። በእጁ ጥቁር ፌስታል ይዟል። ከፌስታሉ ትንሽዬ ሬድዮ አወጣ። የኋላ ክዳኑ የለም፤ ድንጋዮቹ እንዳይወድቁ ከካላማዳሪ በተቀደደ ጎማ አስሯቸዋል። ጎማውን እስካሁን አልረሳሁትም፤ በጥንቃቄ ሁለት ጊዜ ነው የተጠመጠመው።

«ሬድዮ የሚወዱ ሰዎች እዚህ ይሰበሰባሉ ብለውኝ ነው» አለ።

ማንም አልተነሳም። አንዱ ፊቱን እንኳን ሳያዞር «ምን ፈልገህ ነው?» አለው። ሌላው ደግሞ «ኤስ ደብልዩ አር ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» ብሎ ጠየቀው። አንቴናና ማሰራጫ ምን ያህል እንደተስማሙ የሚለካበት ቁጥር ነው፤ ፈተና መሆኑ ነው። ልጁ ዝም አለ። ሁለት ሰዎች ሳቁ። ልጁ ሬድዮውን መልሶ ፌስታሉ ውስጥ ከተተና «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው» ብሎ ወደ ዝናቡ ወጣ።

እኔም እዚያው ነበርኩ። አልሳቅኩም። ግን አልተነሳሁምም።

እስቲ እናንተው ፍረዱ። እኛ ጎጃሞች ሰው ሲገባ ከመቀመጫችን ተነስተን «ኖር!» የምንል ሰዎች ነን። የገባው ሰው «በእግዜር» ብሎ እስኪቀመጥ አንቀመጥም። ሽማግሌ ለልጅ ይነሳል። የምንበላው ሽሮ ቢሆንም «እንብላ» እንላለን። እናቶቻችን ቡና ሲያፈሉ ጎረቤት ሳይጠሩ አይቀዱም። ታዲያ ይሄ ሁሉ ደግነት የሬድዮ ክፍል በር ላይ ሲደርስ የት ገባ? ጣሊያን ያለውን ሰው በስሙ ለመጥራት የምንጓጓ ሰዎች፣ ደጃችን ላይ በዝናብ የቆመውን ልጅ ስሙን እንኳን አልጠየቅነውም! ስሙን!

ሁለት ወር አለፈ። መስቀል ሊደርስ ሲል አንድ ማታ ሱቄን ዘግቼ ከገበያ ወደ ሐይቁ ዳር ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ በመስታወት ደጋግሞ ያየኛል። «ጋሼ፣ ያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበሩም?» አለኝ። አፈርኩ። ነበርኩ አልኩት። ያቺ ሬድዮ ከፊቱ፣ መሪው ሥር ተቀምጣለች። ያው ጎማ፣ ሁለት ጊዜ የተጠመጠመው።

«ምን ልትጠይቀን ነበር የመጣኸው?» አልኩት።

«ማታ ማታ 41 ሜትር ከሚለው ጽሑፍ ትንሽ ወደ ግራ ሳዞረው እንደ ዳክዬ የሚንጫጫ ድምፅ አለ» አለኝ። «ጣቢያ አይደለም። ዘፈን የለውም። የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ግን አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል። ዳክዬ ደግሞ ተራ ጠብቆ አያወራም። ሰዎች መሆን አለባቸው ብዬ ነው።»

ወገኖቼ፣ ይህን ልጅ ነው የመለስነው። ማንም ሳያስተምረው፣ በተሰበረ ሬድዮ፣ በጆሮው ብቻ የ40 ሜትር ባንዱን አግኝቶታል። 40 ሜትር የሞገዱ ርዝመት ነው። ከ7 እስከ 7.2 ሜጋ ኸርዝ ያለው የአማተሮች መንደር ማለት ነው፤ በዲያሉ ላይ ከ41 ሜትር ጣቢያዎች ጎን ነው። ዳክዬ የሆነበት ምክንያትም አለው። አማተሮች ጉልበት ለመቆጠብ ተሸካሚውን ሞገድና የድምፁን አንድ ጎን ቆርጠው የቀረውን ብቻ ይልካሉ። ተራ ሬድዮ ተሸካሚውን ካላገኘ ቃሉን መፍታት አይችልም። ያንጫጫዋል።

«ባጃጇን ሐይቁ ዳር አቁማት» አልኩት። ከቦርሳዬ ለጥገና የመጣች ሌላ ሬድዮ አወጣሁ። ሞተሩን አስጠፋሁት፤ የሞተር እሳት ሬድዮ ላይ ይንጫረራልና። ሁለቱን ሬድዮዎች መቀመጫው ላይ ጎን ለጎን አደረግናቸው። የሱን ዳክዬዎቹ ላይ ተውነው። የኔን ድምፁን ቀንሼ ከሱ በ455 ኪሎ ኸርዝ ዝቅ አደረግኋት። እንዲህ ሲሆን የሁለተኛዋ ሬድዮ ውስጣዊ ማወዛወዣ፣ በውስጧ ሞገድ የሚያመነጨው ክፍል፣ ልክ የጎደለው ተሸካሚ ያለበት ቦታ ላይ ያርፋል፤ ፍንጣሪው ለመጀመሪያዋ ይተርፋታል። መርፌውን በጥፍሬ እንደ ጸጉር ገፋሁት። ዳክዬው ቀጠነ። ወፈረ። ከዚያ ድንገት ሰው ሆነ።

«ሲ ኪው፣ ሲ ኪው፣ ሲ ኪው» ይላል። ከጣሊያን የሚጠራ ሰው ነበር።

ልጁ ለጥቂት ጊዜ አልተናገረም። ከዚያ «ማንን ነው የሚጠራው?» አለኝ።

«ማንንም» አልኩት። «የሰማኝ ሁሉ ይምጣ ማለት ነው።»

«እንደ ‹ኑ ቡና ጠጡ› ነዋ!» አለ።

ስንት መጽሐፍ አገላብጫለሁ። ሲ ኪውን እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ግን አልነበረም። ቅዳሜ ና፣ እኔው ራሴ በሩ ላይ እቀበልሃለሁ አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አይ ጋሼ። እዚያ የተማሩ ሰዎች ናቸው።»

ይቺን መልስ ሰምቼ ቤቴ ገብቼ እራት አልበላሁም። አንድ ሰው በገዛ ከተማው፣ ለሁሉም ክፍት በሆነ ሰማይ ሥር፣ «ይሄ የኔ ቦታ አይደለም» ካለ ጥፋቱ የሱ አይደለም። የኛ ነው! እውቀትን እንደ አጥር እሾህ በር ላይ የደረደርን ሰዎች ጥፋት ነው! ማንም ኤስ ደብልዩ አርን ከእናቱ ማኅፀን አውቆ አልመጣም። እኔን ያስተማሩኝ ሰዎች የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ይህ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ መድረክ ላይ አልቆምም ነበር።

ክፍሉን የለቀቅነው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙዎቻችሁ ኪራይ ተወዶብን ይመስላችኋል። አይደለም። አሁን ወደምንሰበሰብበት ዋርካ ሥር የወጣነው በር ስለሌለው ነው። ልጁ በሦስተኛው ቅዳሜ ባጃጇን ራቅ አድርጎ አቁሞ መጣ። ሁላችንም ተነሳን። ከዚያ ቀን ወዲህ ለአዲስ ሰው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የምናቀርበው፤ ስምህ ማነው፣ ምን ሰማህ? ልጁ ዛሬ መሃላችሁ ተቀምጧል። ስሜን እንዳትጠራ ብሎኛል፤ አልጠራም። ግን ሦስተኛውን ቅዳሜ፣ የሁለቱን ሬድዮዎች ትምህርት ማን እንዳስተማራችሁ ታውቃላችሁ።

እሺ፣ ወደ ተሰጠኝ ርዕስ ልመለስ።

ጀማሪ ከመስማት ይጀምር። ጀንበር ስታዘቀዝቅ 40 ሜትር ይከፈታል፤ ቀን ቀን 20 ሜትርን፣ 14 ሜጋ ኸርዙን ሞክሩ። ለ40 ሜትር ጥሩ አንቴና 20 ሜትር ገደማ ሽቦ ነው፤ መሃሉ ተቆርጦ ግራና ቀኝ 10፣ 10 ሜትር ይወጠራል። ክረምት ላይ ግን አደራ! የጣናን መብረቅ ታውቁታላችሁ። ደመናው ሲጠቁር ሽቦውን ነቅላችሁ ወደ ውጭ ጣሉት።

ኮምፒውተር ያላችሁ ደግሞ ወደ ጣሪያችሁ ቀና በሉ። ዲሻችሁ ኢትዮሳትን ብሎ ወደ ምሥራቅ ዞሯል። ወደ ምዕራብ ቢዞር፣ በ26 ዲግሪ የምሥራቅ ኬንትሮስ ግድም፣ ኪው ኦ 100 የሚባል አማተሮች የሚነጋገሩበት ሳተላይት አለ። እንደ አውሮፓውያኑ በ2018 የመጠቀ ነው። ከባሕር ዳር ሲታይ ከሞላ ጎደል ከአናታችን በላይ ነው። ተራ የዲሽ ራስና አንዲት ትንሽ የዩኤስቢ መቀበያ ካላችሁ ከአውሮፓ እስከ ደቡብ አፍሪካ ሲያወሩ ትሰማላችሁ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያም አለ፤ በላያችን ሲያልፍ 145.800 ሜጋ ኸርዝ ላይ አድምጡት።

ፈቃድን በተመለከተ አጭርና ግልጽ ልሁን። ያለ ፈቃድ ማሰራጫ አትንኩ። ጊዜውን ታውቁታላችሁ፤ አንድ ሰው በሞኝነት የጫነው ቁልፍ ለሁላችን ይተርፋል። የአገራችን የጥሪ ምልክት በኢ ቲ ይጀምራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ 5 ኪሎ ያለው የክለብ ጣቢያ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው። አዲስ አበባ የምትሄዱ ተማሪዎች ጎራ በሉ። እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥም ሞገዱን የሚመልሰውን የሰማይ ንጣፍ፣ አዮኖስፌርን፣ የሚያጠኑ ምሁራን አሉን። የምድር መግነጢስ ወገብ ከኛ ሳይርቅ ስለሚያልፍ ሰማያችን ለዚህ ጥናት ብርቅ ነው። ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ቢያሳፍሯችሁ ለኔ ንገሩኝ።

ማይክሮፎን ስትይዙ ደግሞ መጀመሪያ አዳምጡ፤ ሌላ ሰው እያወራ እንዳይሆን። ስማችሁን፣ ከተማችሁን፣ ድምፁ እንዴት እንደገባላችሁ ንገሩት። ንግድና ፖለቲካ አታንሱ። እንግሊዝኛችሁ ቢሰባበር ምንም አይደለም፤ የጣሊያኑም ይሰባበራል። ስትሰናበቱ «73» በሉ። መልካም ምኞት ማለት ነው።

ሰዓቱንም ልብ በሉ፤ የሬድዮ ሰዎች የሚጠቀሙት የዓለምን የጋራ ሰዓት ነው። የኛ ምሽት 12 ሰዓት በነሱ 15 ሰዓት ነው።

የምስክር ወረቀቱ አሁን ይታደላል። የፊታችን ቅዳሜ ልክ 12 ሰዓት ዋርካው ሥር ነን። ሁለት ሬድዮ፣ አንድ ጥቅል ሽቦና ቡና ይኖራል። እያንዳንዳችሁ አንድ የማናውቀው ሰው ይዛችሁ ኑ። እኛ ከመቀመጫችን ተነስተን እንጠብቃችኋለን።

73።