ደብዳቤው ይለጠፍ፤ በጎንደር በሳይንስ ኦሊምፒያድ የክረምት ሥልጠና መክፈቻ ላይ የተደረገ ንግግር

ክቡራን የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ ርዕሳነ መምህራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ወላጆች፣ እንዲሁም ከአዘዞ፣ ከማራኪ፣ ከአራዳ፣ ከቆላ ድባና ከማክሰኝት ድረስ በዚህ ዝናብ የመጣችሁ ልጆቼ፤ እንደምን አደራችሁ!

ንግግር አድርግ ስባል የተሰጠኝ ርእስ «ተማሪዎች ለሳይንስ ኦሊምፒያድ የሚመረጡበትና የሚዘጋጁበት መንገድ» የሚል ነው። ስለ ዝግጅቱ እናገራለሁ። ወደዚህ መድረክ ያወጣኝ ግን የአመራረጡ ነገር ነው። ሳልናገረው ብመለስ ለብዙ ጊዜ ይቆጨኛል።

አስቀድሜ ለወላጆች ውድድሩ ምን እንደሆነ በአጭሩ ልንገራችሁ። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሊምፒያድ በ1951 ዓ.ም. ሮማንያ ውስጥ በ7 አገሮች ተጀመረ። የፊዚክሱ በ1959 ዓ.ም. ዋርሶ ላይ፣ የኬሚስትሪው በዓመቱ ፕራግ ላይ፣ የኮምፒውተሩ ደግሞ በ1981 ዓ.ም. ቡልጋሪያ ውስጥ ተከተሉ። ባዮሎጂም የራሱ ውድድር አለው። ለአህጉራችንም የፓን አፍሪካ የሒሳብ ኦሊምፒያድ አለ። በዓለም አቀፉ ውድድር አንድ አገር ለሒሳብ እስከ 6፣ ለፊዚክስ እስከ 5፣ ለሌሎቹ እስከ 4 ተማሪ ይልካል። በሒሳቡ ፈተናው 2 ቀን ነው፤ በየቀኑ 4 ሰዓት ተኩል፣ በየቀኑ 3 ጥያቄ። አንዱ ጥያቄ 7 ነጥብ፣ ድምሩ 42። ካልኩሌተር አይገባም። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ ማክበብ የለም፤ ልጁ መልሱን ከነምክንያቱ፣ ከነማረጋገጫው ይጽፋል። ከተወዳዳሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ሜዳሊያ ያገኛሉ፤ ሜዳሊያ ያልደረሰው ልጅ እንኳ አንዱን ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ከመለሰ የክብር ወረቀት ይሰጠዋል።

ታዲያ በሒሳቡ ለመወዳደር ደንቡ ከልጁ ምን ይጠይቃል? ዕድሜው ከ20 በታች እንዲሆንና ዩኒቨርሲቲ እንዳይገባ። የትኛውን ልጅ መላክ እንዳለበት ለየአገሩ የተተወ ነው። «ከክፍልህ ስንተኛ ወጣህ?» የሚል ጥያቄ በደንቡ የለም። እሱን የጨመርነው እኛ ነን!

የምላችሁን እዚህ የተቀመጣችሁ መምህራን ታውቁታላችሁ። የኦሊምፒያዱ ማጣሪያ ጥሪ ደብዳቤ ከላይ ይወጣል፣ ይመጣል፣ ትምህርት ቤት ይደርሳል፣ መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከዚያ መሳቢያ ይገባል። ቀኑ ሊያልፍ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ይታወሳል። ያኔ ጊዜ ስለሌለ የውጤት መዝገቡ ይገለጥና ከላይ ሦስት ስም ተቀድቶ ይላካል። ልጆቹ ራሳቸው ለምን እንደተላኩ የሚያውቁት መኪና ላይ ሲወጡ ነው። ይህ ምርጫ ሊባል ይችላል?

አንድ ልጅ ነበር። ከእናንተ መካከል አብረውት የተማሩ ወንድሞቹ አሉ፤ ስሙን አልጠራም። ከደንቢያ የመጣ ነው። ዘመናዊ ትምህርት የጀመረው ዘግይቶ ነው፤ ከዚያ በፊት የቆሎ ተማሪ ነበር፣ ከየኔታ እግር ሥር የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ባሕረ ሐሳብ ቆጥሯል። ጎንደር ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ እናቱ የምትልክለትን ስንቅ እየበላ ነው የተማረው። እንግሊዝኛው ደካማ ነበር፤ በእንግሊዝኛው ምክንያት ሌላውም ትምህርት ወደ ኋላ ይጎተትበታል። ደረጃው ከክፍሉ እኩሌታ በታች ነበር።

አንድ ቅዳሜ በሒሳብ ክበባችን ስለ ትራፊ አስተምር ነበር፤ አንድ ቁጥር ለሌላው ሲካፈል ስለሚተርፈው። ልጁ ከኋላ ተነሣና «መምህር፣ ይሄማ አበቅቴ ነው» አለኝ፤ በባሕረ ሐሳብ ስሌት ከሚወጡት ቁጥሮች አንዱን ማለቱ ነው። ወጥተህ አሳየን አልሁት። ጠመኔውን ይዞ ጻፈ። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምር፤ በ19 ግደፈው፣ ማለት አካፍለህ የተረፈውን ያዝ፤ ከተረፈው ላይ አንድ ቀንስ፤ ወንበር የሚባለውን ቁጥር አገኘህ። ወንበሩን በ11 አባዝተህ በ30 ብትገድፈው የተረፈው አበቅቴ ነው፤ በ19 አባዝተህ በ30 ብትገድፈው የተረፈው መጥቅዕ ነው። የ2017ን ሠራልን፦ ዓመተ ዓለሙ 7517፣ ትራፊው 12፣ ወንበሩ 11፣ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29። የ2016ን ሠራ፦ 20 እና 10። «ሁልጊዜ ድምራቸው 30 ነው» አለ።

«ለምን?» አልሁት።

ዝም አለ። «የኔታ እንዲህ ነው ያሉን» ብሎ ተቀመጠ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሁላችን ቀድሞ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤ በእጁ ግማሽ ገጽ ወረቀት ይዟል። እንዲህ ይላል፦ 11 ጊዜ ወንበርና 19 ጊዜ ወንበር ሲደመሩ 30 ጊዜ ወንበር ነው። 30 ጊዜ ማንኛውም ቁጥር በ30 ሲገደፍ ምንም አይተርፍም። ስለዚህ ሁለቱ ትራፊዎች ሲደመሩ ወይ 30 ነው ወይ ባዶ ነው። ባዶ የሚሆነው ሁለቱም ባዶ ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ያም ወንበሩ ባዶ ሲሆን ነው፤ በዚያን ጊዜም አበው አበቅቴውን አልቦ፣ መጥቅዑን 30 ይሉታል።

መምህራን፣ ይህን ሰማችሁ? ያቺን የመጨረሻዋን ባዶ ያስተማረው የለም! ነገሩ የማይሠራበት ቦታ ይኖር እንደሁ ብሎ ራሱ ፈልጎ አገኛት። ኦሊምፒያድ ማለት ይህ ነው። ቀመር የሸመደደ ልጅ ሞልቶናል፤ «ለምን?» ተብሎ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ነው የሚፈለገው።

በዚያው ዓመት የማጣሪያው ደብዳቤ መጣ። ከትምህርት ቤቱ ሦስት ስም ተላከ፤ በደረጃ። ልጁ ሰማና ቢሮ ድረስ ሄዶ «እኔስ ብፈተን?» ብሎ ጠየቀ። «ደረጃህ አይፈቅድልህም» ተባለ። ሜዳሊያ ያመጣ ነበር አላልሁም፤ ማንም ይህን ሊምል አይችልም። የተከለከለው ግን ወረቀቱን አይቶ የመሞከርን ዕድል ነው። አንድ ተጨማሪ የጥያቄ ወረቀት ማባዛት ስንት ብር ነው?

አንደኛ የወጣችሁ ልጆች አትቀየሙኝ። ደረጃችሁ በላባችሁ የመጣ ነው፤ እዚህም ቦታችሁ የተጠበቀ ነው። ነገር ግን በትምህርት ቤት ደረጃ ብቻ መመዘን ምን እንዳስከተለብን አይተናል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት መካከል በየትምህርት ቤታቸው የተሸለሙ፣ ወላጅ እልል ያለላቸው ስንት ነበሩ!

ሌላም አለ። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው እንደከረሙ ለእናንተ አልነግራችሁም። ዓመት የባከነበት ልጅ 10ኛ ክፍል ሳለ 18 ይሞላዋል። የዕድሜ ገደቡ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ለአንዳንዱ ልጅ ዘንድሮ መሳቢያ ውስጥ የቀረው ደብዳቤ የመጨረሻው ነው።

ስለዚህ ርዕሳነ መምህራን፣ በአክብሮት ግን በግልጽ እጠይቃለሁ። ደብዳቤው በደረሰ ዕለት ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ በሰልፍ ላይም ይነበብ! የመጀመሪያው ፈተና ለፈለገ ተማሪ ሁሉ ክፍት ይሁን! ከ9ኛ ክፍልም ይሁን፣ ከኋላ ወንበርም ይሁን፣ የደንብ ልብሱ ያለቀበትም ይሁን! ማጥበቡ ከዚያ በኋላ በየዙሩ ይመጣል፤ ልጁን ፈተናው ይጣለው እንጂ መዝገቡ አይጣለው! የትምህርት ጽሕፈት ቤቱም «ስንት ተማሪ ላካችሁ?» ከማለት በፊት «ስንት ተማሪ ፈተናችሁ?» ብሎ ይጠይቅ።

አሁን ወደ ዝግጅቱ ልመለስ። የሒሳብ ኦሊምፒያድ አራት እግር አለው፦ አልጀብራ፣ ጂኦሜትሪ፣ የቁጥር ቲዎሪ (የሙሉ ቁጥሮች ጠባይ) እና ኮምቢናቶሪክስ (የአቆጣጠርና የአደራደር ጥበብ)። ካልኩለስ አያስፈልግም፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪ መጀመር ይችላል፣ መጀመርም አለበት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በመማሪያ መጻሕፍታችን ውስጥ ቦታቸው ጠባብ ስለሆነ ክረምቱን በአብዛኛው የምናውለው በእነሱ ላይ ነው።

አሠራሩን ለጎንደር ሰው ማስረዳት አይከብድም። የቅኔ ተማሪ በጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ እያደር ወደ መወድስ ይደርሳል፤ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ አይደግመውም፤ በየቀኑ አዲስ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይነግራል፣ ይታረማል። እኛም እንዲሁ እናደርጋለን። ጠዋት ጥያቄ ይሰጣል፤ ብቻችሁን ትታገላላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሰሌዳ ላይ ወጥታችሁ ለጓደኞቻችሁ ታስረዳላችሁ፣ ጓደኞቻችሁ ቀዳዳውን ይፈልጋሉ። መልሱን ቶሎ ማየት ክልክል ነው። አንድ ጥያቄ ሦስት ቀን ቢፈጅባችሁ ሦስቱ ቀን አልባከነም። ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎች ከመጀመሪያው ውድድር ጀምሮ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ፤ ኔትወርክ በተገኘ ቀን አውርዳችሁ አትሟቸው፣ ለወረዳ ጓደኞቻችሁም አካፍሉ።

ፊዚክሱ ከጽሑፉ ሌላ የ5 ሰዓት የተግባር ፈተና አለው፤ ከ50 ነጥብ 20ው የእሱ ነው። ቤተ ሙከራ የለንም ብላችሁ አትቀመጡ። 1 ሜትር ክር ላይ ድንጋይ አንጠልጥላችሁ ብታወዛውዙት ደርሶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ብዙ ውዝዋዜ ቆጥራችሁ አማካዩን ብትወስዱ የመሬትን ስበት ከዚያው ታወጣላችሁ። ኮምፒውተሩን የመረጣችሁ ደግሞ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት መፍትሔውን በወረቀት መጻፍ ልመዱ።

ሴት ልጆች ያላችሁ ወላጆች፣ ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ መጋገሩን ለወንድሟም አካፍሉት፤ ልጅቷን ላኩልን።

ሥልጠናው ሰኞ ጠዋት በ2 ሰዓት ይጀመራል። ባዶ ደብተርና እርሳስ ብቻ ይዛችሁ ኑ። እስከዚያ የምታስቡበት አንድ ጥያቄ እነሆ፦ መተዋወቅ የጋራ ነው እንበል፤ እኔ ካወቅሁህ አንተም ታውቀኛለህ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ፣ ከአዳራሹ ሰው መካከል እኩል ቁጥር ያላቸውን ሰዎች የሚያውቁ ቢያንስ ሁለት ሰዎች መኖራቸው የግድ ነው። ለምን? ሰኞ ጠዋት ወደ ሰሌዳው የማወጣው ቀድሞ እጁን ያነሣውን ነው፤ ስንተኛ ወጣህ ብዬ አልጠይቀውም።

አመሰግናለሁ።