ስምንት ጎል ሲቀረው ጫማ የሰቀለው አምበል

ሰሚራ፦ እንደምን አመሻችሁ፣ ከጅማ ነን። የምትሰሙት ጩኸት የማይክ ችግር አይደለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው።

ዳዊት፦ ዛሬ አዘጋጁ እኔ ነኝ። ስለዚህ እግር ኳስ የለም።

ሰሚራ፦ ሆኪ ነው አለኝ! በረዶ ላይ የሚጫወቱት። ወላሂ እኔ በረዶ የማውቀው ጓሮ ያለውን ጎመን ሲፈጅ ብቻ ነው።

ዳዊት፦ ጨዋታውን ባታውቂውም ግድ የለም። መጀመሪያ ሦስት ቁጥር ልስጥሽ። 694፣ 692፣ 690።

ሰሚራ፦ የሎተሪ ነው?

ዳዊት፦ የጎል ነው። ማርክ ሜሲዬ 694፣ ስቲቭ አይዘርማን 692፣ ማሪዮ ለሚዩ 690። ሦስቱም በሰሜን አሜሪካው ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ ከታላላቆቹ የሚቆጠሩ ናቸው። ሦስቱም አንድ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ በቃን አሉ። ሜሲዬ መስከረም 2005፣ ለሚዩ ጥር 2006፣ አይዘርማን ሐምሌ 2006። ዛሬ የምንጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው። ያኔ 700 ጎል የሞሉት ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ሰሚራ፦ ቆይ፣ ሦስቱም 700 ደጃፍ ላይ ደርሰው ተመለሱ?

ዳዊት፦ ሦስቱም።

ሰሚራ፦ እብዶች ናቸው እንዴ? እኔ ብሆን እያነከስኩም እሞላዋለሁ።

ዳዊት፦ አይዘርማን ማነከሱንስ አነከሰ። እሱን ነው ዛሬ የማወራሽ። ሁለቱን ቶሎ ላሳልፋቸው። የለሚዩ ግልጽ ነው፣ ልቡ ነው። የልብ ምት መዛባት ያዘው። ከዚያ በፊትም ካንሰር ታክሞ ድኗል፣ ጀርባውም ያሠቃየው ነበር፣ አንዴ አቁሞ ተመልሷል። በመጨረሻው ዓመት 40 ዓመቱ ነበር። ክለቡም የራሱ ነበር፣ ከባለቤቶቹ አንዱ ነበር። የ18 ዓመቱ ሲድኒ ክሮስቢ ያን ዓመት ቡድኑን ሲቀላቀል የኖረው እሱ ቤት ነው።

ሰሚራ፦ ልብ ከሆነ ምን ይባላል። ሜሲዬስ?

ዳዊት፦ ሜሲዬ ላይ እንጣላለን፣ መጨረሻ ላይ እናድርገው።

ሰሚራ፦ እሺ፣ ጨዋታውን በአጭሩ አስረዳና ግባ።

ዳዊት፦ ሜዳው ወደ 60 ሜትር የሚረዝም በረዶ ነው። ኳስ የለም፣ ፓክ የሚባል ጠፍጣፋ ክብ ጎማ አለ፣ 170 ግራም ገደማ። ከበረኛው ጋር ስድስት ለስድስት። አንዱ ተጫዋች ገብቶ አርባ ምናምን ሰከንድ ነፍሱ እስኪወጣ ይሮጣል፣ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። ጨዋታው ሳይቆም። አግዳሚው ላይ ሁሌም ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ። ይቺን ያዢልኝ።

ሰሚራ፦ ይዣለሁ።

ዳዊት፦ አይዘርማን የዲትሮይት ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ተወልዶ ያደገው ካናዳ ነው፣ የተጫወተው ግን ለአንድ ክለብ ብቻ ነው። በ21 ዓመቱ አምበል ሆነ፣ እስኪያቆም ድረስ ሃያ ዓመት አምበል። በ1988 እና 89 የውድድር ዓመት ብቻውን 65 ጎል አገባ።

ሰሚራ፦ በአንድ ዓመት?

ዳዊት፦ በአንድ ዓመት። ዋንጫ ግን የለም። ዲትሮይት ከ1955 ወዲህ የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ አላነሳም ነበር። በ1993 ስኮቲ ቦውማን የሚባል ቆፍጣና አሠልጣኝ መጣ። ያለው ነገር ባጭሩ፣ ወደ ኋላ ተመልሰህ ተከላከል ነው። ጎል አዳኙን ሰውዬ፣ የከተማውን ንጉሥ!

ሰሚራ፦ ኮከብ ተጫዋች እንዲህ ሲባል ወይ ያኮርፋል ወይ ክለብ ይቀይራል።

ዳዊት፦ ይሄ ተቀበለው። ጎሉ ቀነሰ፣ 65ቱ ተመልሶ አልመጣም። በ2000 ከአጥቂዎች ሁሉ በመከላከል ለበለጠው የሚሰጠውን ሽልማት ወሰደ። ዋንጫው ደግሞ በ1997 መጣ፣ ከ42 ዓመት በኋላ። በ1998 ደገሙት፣ በ2002 ሠለሱት።

ሰሚራ፦ ታዲያ ስምንቱ ጎል የጠፋው በ2006 አይደለማ!

ዳዊት፦ ተባረኪ። እኔ የምለው ይሄንኑ ነው። ሰው ሁሉ የመጨረሻዋን ዓመት እያየ ምነው ትንሽ ቢታገስ ይላል። ጎሎቹን ግን ከዐሥር ዓመት በፊት ራሱ ለዋንጫው ከፍሏቸዋል። እንደ ድሮው የራሱን ጎል ብቻ ቢያሳድድ ኖሮ 700ን ቀደም ብሎ ያልፍ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሦስት ዋንጫ ይኖረው ነበር ወይ? አይመስለኝም።

ሰሚራ፦ ጥሩ፣ ግን አላመለጥከኝም። የከፈለውን ይክፈል፣ 692 ላይ ደርሷል። ስምንት ናት የቀረችው። ግማሽ ዓመት ቢጨምርስ?

ዳዊት፦ ጉልበቱን ልንገርሽ። በ2002 ቀኝ ጉልበቱ አልቆ ነበር። በመደበኛው ውድድር ሠላሳ ጨዋታ አምልጦታል። በዚያው ጉልበት የካቲት ላይ ከካናዳ ጋር የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ። ከዚያ ለዋንጫው ጥሎ ማለፍ ገባ፣ 23 ጨዋታ ተጫውቶ በ23 ጎል ላይ እጁ አለበት፣ ወይ ራሱ አግብቶ ወይ አቀብሎ። ሲወድቅ ለመነሣት የሚጫወትበትን ዱላ ይመረኮዝ ነበር።

ሰሚራ፦ በስመአብ በል እንጂ አንተ።

ዳዊት፦ ክረምት ላይ ቀዶ ሕክምና አደረገ። ምን እንደሚሠሩ ታውቂያለሽ? አጥንቱን ይቆርጡታል። ጉልበት አጠገብ ቆርጠው አቅጣጫውን ያስተካክሉታል፣ ክብደቱ ከተበላው ጎን ወደ ደህናው ጎን እንዲዞር። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ሰው ያለ ሕመም እንዲራመድ ነው እንጂ ፕሮፌሽናል ሆኪ እንዲጫወት አይደለም።

ሰሚራ፦ አባቴ ጤና ቡድን ውስጥ ነው። እሁድ እሁድ ጉልበቱን በፋሻ ጠምጥሞ ይወጣል። ይሄን እንዳታሰማው፣ ይቻላል ማለት ነው ብሎ ይሰለፋል።

ዳዊት፦ አይዘርማንም ተሰለፈ። የውድድር ዓመቱ ሳያልቅ ተመለሰ። በ2004 ደግሞ ፓክ ግራ ዓይኑ ላይ መታው፣ የዓይኑ ዙሪያ አጥንት ተሰበረ። ቀጥሎ የመጣው ዓመት ከዚህ ሁሉ የባሰ ነው። 2004 እና 2005፣ ባለቤቶቹና ተጫዋቾቹ በደመወዝ ጣሪያ ተጣሉ፣ ሊጉ ዓመቱን ሙሉ ተዘጋ። አንድም ጨዋታ የለም።

ሰሚራ፦ እና እሱ ስንት ዓመቱ ነበር?

ዳዊት፦ 39 ሆኖ ተዘጋ፣ 40 ሆኖ ተከፈተ። ያኔ 678 ጎል ነበረው። 22 ያስፈልገዋል። በ61 ጨዋታ 14 አገባ።

ሰሚራ፦ 14 ለ40 ዓመት ሰው ጥሩ ነው።

ዳዊት፦ ጥሩ ነው። ግን ያዢልኝ ያልኩሽን አሁን መልሺልኝ። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ። ያን ዓመት ዲትሮይት በመደበኛው ውድድር ከሊጉ አንደኛ ነበር፣ በጥሎ ማለፉ ግን በመጀመሪያው ዙር በኤድመንተን ተሰናበተ። የሚቀጥለው ዓመት ዓላማ ዋንጫ ነው። አምበሉ ስምንት ጎል ለመሙላት ቢገባ ያ አርባ ሰከንድ ከማን ላይ ነው የሚነሣው? አይዘርማን ይሄን አስቧል ብዬ አልምልም። ግን ሃያ ዓመት አምበል የነበረ ሰው ሳያስበው አይቀርም።

ሰሚራ፦ አንድ ነገር ልጠይቅ። በዋንጫ ጥሎ ማለፍ የገባው ጎል ይቆጠራል?

ዳዊት፦ እሱን ልነግርሽ ስል! አይቆጠርም። 700 የሚባለው የመደበኛው ውድድር ብቻ ነው። አይዘርማን በጥሎ ማለፍ 70 ጎል አለው። ደምሪው።

ሰሚራ፦ 762። እና ምን ያንገበግባችኋል? በጣም የከበደው ጨዋታ ላይ የገባው ጎል ሳይቆጠር ቀርቶ?

ዳዊት፦ ለሚዩም 76 አለው፣ ሜሲዬ 109።

ሰሚራ፦ እንግዲህ ቁጥሩ የቆጣሪዎቹ ነው። ግን ማቆምም እኮ ከባድ ነው። ኃይሌን አስታውስ። በ2010 ኒውዮርክ ማራቶን ላይ ጉልበቱ አሞት አቋርጦ ወጣ፣ እዚያው በቃኝ አለ። ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ቀየረ። ጨርሶ ያቆመው በ2015 ነው። እኔ አልፈርድበትም። ሩጫ ላይ የማንንም ቦታ አይነጥቅም፣ መንገዱ ሰፊ ነው።

ዳዊት፦ እሱ ጥሩ ነጥብ ነው።

ሰሚራ፦ በል አሁን ሜሲዬ።

ዳዊት፦ ሜሲዬ ስድስት ጎል ብቻ አይደለም የቀረው። በሊጉ ብዙ ጨዋታ የመጫወት ክብረ ወሰን የጎርዲ ሃው ነበር፣ 1,767። ሜሲዬ 1,756 ላይ አቆመ።

ሰሚራ፦ ዐሥራ አንድ ጨዋታ?! እግሩም ደህና ነበር?

ዳዊት፦ በመጨረሻው ዓመቱ፣ በ43 ዓመቱ 18 ጎል አግብቷል። ከዚያ ሊጉ ተዘጋ፣ ሲከፈት 44 ሞልቶታል። ክለቡ ኒውዮርክ ነባሮቹን ሸጦ እንደ አዲስ እየጀመረ ነበር። ስድስት ዋንጫ ቤቱ ተቀምጧል። ምን ይጨምርለታል?

ሰሚራ፦ ዐሥራ አንድ ጨዋታ እኮ ወር ከምናምን ነው! አይ፣ ለአይዘርማን አምኜልሃለሁ፣ ለዚህ አላምንም። አዲስ በሚጀምር ቡድን ውስጥ የማንን ዋንጫ ያበላሻል? የሃውን ክብረ ወሰን ይዞ ቢወጣ ማን ይቀየመዋል?

ዳዊት፦ የዋሽንግተኑን አጥቂ ኦቬችኪንን የምትወጂው አንቺ ነሽ ማለት ነው። እሱ ቆየ፣ ሚያዝያ 2025 ላይ በ39 ዓመቱ 895ኛዋን አግብቶ የዌይን ግሬትዝኪን የ894 ጎል ክብረ ወሰን አለፈ። ግሬትዝኪም እኮ 900 ሊሞላ ስድስት ሲቀረው ነው ያቆመው።

ሰሚራ፦ እናንተ ሰዎች ስድስት ጎል ምን አድርጋችሁ ነው? ሜሲዬ ላይ አልታረቅንም፣ እንዲህ ተብሎ ይመዝገብልኝ። የሚቀጥለው ሳምንት አዘጋጅ እኔ ነኝ።

ዳዊት፦ ርዕሱስ?

ሰሚራ፦ እግር ኳስ። የጅማ አባ ጅፋር የ2010 ዋንጫ፣ በኛ አቆጣጠር።