ወደ ሊኑክስ ስትቀይሩ ንዴቱ ከየት ይመጣል?

ሰላም፣ ሰላም! ዛሬ የመጣሁት «ሊኑክስ ጫንኩ፣ ወዲያው ተናድጄ ተውኩት» ለምትሉ ነው። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሶፍትዌር ነው።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አልገባም ይላል። የሚሠራ ኮምፒውተር መጣል ያሳዝናል። ስለዚህ ወደ ሊኑክስ ኑ።

ግን ቤት ቀይራችሁ ታውቃላችሁ? የመጀመሪያው ሌሊት። ውሃ ጠምቷችሁ ትነሳላችሁ። ጨለማ ነው። እጃችሁ ቀጥ ብሎ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ማብሪያው የለም! ዳበሳ ትጀምራላችሁ። የእግራችሁ ጣት ከበሩ ይጋጫል። ትበሽቃላችሁ። ቤቱ ግን ምንም አልሆነም። መብራቱም ይሠራል። እጃችሁ ገና የድሮው ቤት ነው ያለው። ከጥቂት ቀን በኋላ ሳታስቡት ታበሩታላችሁ።

ሊኑክስም እንዲሁ ነው። «ሲ ድራይቭ የት ሄደ?» ማብሪያ ነው። ፋይላችሁ ሆም የሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። «ያወረድኩት ኢኤክስኢ ለምን አይከፈትም?» እሱም ማብሪያ ነው! ኢኤክስኢ የዊንዶውስ ነው። እዚህ ሶፍትዌር ማናጀር ትከፍታላችሁ፣ ትፈልጋላችሁ፣ ትጭናላችሁ። አለቀ።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ እንቀጥል።

ደጋግማችሁ የምትሉኝ ነገር አለ፦ «ሊኑክስን ከሞከርኩ ፋይሌ ሁሉ ይጠፋል።» ቆይ፣ ቆይ። እዚህ ላይ እንቁም። መሞከር ሌላ፣ መጫን ሌላ! ሚንትን ወይም ኡቡንቱን፣ ሁለቱም የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው፣ ከፍላሽ አስነስታችሁ ስትሞክሩ፣ እናንተ ካልነካችሁት ሃርድ ዲስኩ አይነካም። ዋይፋዩ ይሠራል? ድምፁስ? ፕሪንተሩስ? ፈትሹ። ከዚያ አጥፉት፣ ፍላሹን ንቀሉ፣ ኮምፒውተሩን አብሩ። ዊንዶውሳችሁ እንደነበረ ነው። የሚጠፋው፣ ሊኑክስን ስትጽፉበት፣ ፍላሹ ላይ የነበረው ነው፤ እሱን አስቀድማችሁ ገልብጡ። ስትጭኑ «ዲስኩን አጥፋ» የሚለውን ከመረጣችሁ ግን ሁሉም ይጠፋል። የምር ይጠፋል! ስለዚህ ባክአፕ። ሌላ ዲስክ ላይ፣ ባክአፕ።

አሠራሩ? አይኤስኦውን፣ ማለትም የሊኑክሱን ፋይል፣ አውርዱ፤ ሩፈስ በሚባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ጻፉ፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከየት እንደሚነሳ የሚመረጥበት ቡት ሜኑ ገብታችሁ ፍላሹን ምረጡ። ይኸው ነው።

ሰው የምትረዱ ደግሞ፣ እባካችሁ «ተርሚናል ክፈት»፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ብላችሁ አትጀምሩ። የተናደደን ሰው ይበልጥ ታስደነግጡታላችሁ። መጀመሪያ «ኮምፒውተሩን ለምን ትጠቀምበታለህ?» በሉት። ብሮውዘርና ጽሑፍ ከሆነ፣ ፋየርፎክስና ሊብሬኦፊስ አሳዩት፤ የዎርድ ፋይሎቹን እዚያው ይክፈት። እንጀራው ፎቶሾፕ ከሆነ ግን፣ ፎቶሾፕ ለሊኑክስ አልተሠራም። ሳትደብቁ ንገሩትና ዊንዶውሱን ጎን ለጎን ያቆየው።