ብጉርን ከመንስኤው የሚያክሙ የሚዋጡ መድኃኒቶች

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

አምና አንዲት ወጣት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሥር ተከናንባ ወደ ምርመራ ክፍሌ ገባች። ከቦርሳዋ ያወጣችው ዶክሲሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ብዙ ባዶ ማሸጊያ ነበር፤ ያለ ማዘዣ እየገዛች ዓመት ሙሉ ስትውጠው ኖራለች። «ስወስደው ይጠፋል፣ ሳቆመው ይመለሳል» አለችኝ።

ለምን እንደሚመለስ ላስረዳችሁ። ብጉር ፊትን ባለመታጠብ የሚመጣ አይደለም። በጉርምስና የሚጨምረው አንድሮጅን የተባለ ሆርሞን ወዝ አመንጪ ዕጢዎችን ሲያነቃቃ፣ የሞቱ የቆዳ ሕዋሳትም ቀዳዳውን ሲደፍኑት፣ ወዙ መውጫ አጥቶ ይታፈናል፤ በዚያም ባክቴሪያ ይራባል፣ ቆዳው ይቆጣል፣ መግል ይቋጥራል። በእኛ ቆዳ ላይ ጥቁር ጠባሳ ትቶ የሚሄደው ይኸው ቁጣ ነው።

ዶክሲሳይክሊን ባክቴሪያውን ይቀንሳል፣ ቁጣውንም ያበርዳል፤ ወዙን ግን አይነካም። ስለዚህ ከሚቀባ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ከ3 እስከ 4 ወር ተወስዶ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ሲራዘም ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምደዋል። ስትውጡትም ቁጭ ብላችሁ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይሁን፤ ውጦ ወዲያው መተኛት የምግብ ቧንቧን ያቆስላል።

የወር አበባ ሲቃረብ አገጫቸው ላይ ለሚብስባቸው ሴቶች ስፓይሮኖላክቶን የተባለ የሚዋጥ መድኃኒት ወይም ተስማሚ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የሆርሞኑን ጫና ይቀንሳል።

ዕጢውን ራሱን የሚያሳንሰው ግን አይሶትሬቲኖይን ነው። በአሜሪካ በ1982 እ.ኤ.አ. ለሕክምና የተፈቀደው ይህ መድኃኒት በሰውነት ክብደት ተለክቶ ለወራት ይወሰዳል፤ ብዙዎችም ካቆሙት በኋላ ብጉሩ አይመለስባቸውም። ከንፈር ያደርቃል፤ የጉበትና የደም ቅባት ምርመራም ይፈልጋል። ቅባት ካለው ምግብ ጋር በደንብ ስለሚሰርግ፣ የሚጾሙ ታካሚዎቼን ዘይት ካለው ወጥ ጋር እንዲውጡት እመክራቸዋለሁ። ከዶክሲሳይክሊን ጋር ከተወሰደ በራስ ቅል ውስጥ ያለውን ግፊት ሊጨምር ስለሚችል ሁለቱ አይደረቡም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጽንስን ክፉኛ የሚጎዳ መሆኑ ነው። ሴት ታካሚ ከመጀመሯ ከአንድ ወር በፊት አንስቶ ካቆመችም በኋላ እስከ አንድ ወር ድረስ እርግዝናን መከላከል፣ በየወሩም መመርመር አለባት። ያቺ ወጣት ይህን ሁሉ አሟልታ ከጀመረች በኋላ «ለእህቴም ላካፍላት?» ስትለኝ ደንግጫለሁ። ወላጆች ሆይ፣ አንድም እንክብል ቢሆን ከታዘዘለት ሰው እጅ እንዳይወጣ አደራ እላችኋለሁ። አመሰግናለሁ።